ከሱሊቫን እስከ ዴምፕሲ፦ የጥንት ቦክስ ሻምፒዮና ዕቃ ስንገዛ ፎርጅዱን በምን እንለያለን?

ሰባተኛው_ዙር
ሰላም ለቤቱ ሰዎች። ከጆን ኤል ሱሊቫን እስከ ጃክ ዴምፕሲ ካለው ዘመን፣ በተለይ ከከባድ ሚዛን፣ ዕቃ መሰብሰብ ልጀምር ነው። በጀቴ 600 ዶላር ነው፤ አሜሪካ ያለች እህቴ ተቀብላ ወደ አዲስ አበባ ትልክልኛለች። ጨረታ ላይ ሦስት ነገር አይቻለሁ፦

አንደኛ፣ የጃክ ጆንሰንና የጄፍሪስ የሪኖ ግጥሚያ (1910) የፎቶ ፖስትካርድ፣ 140 ዶላር።
ሁለተኛ፣ ጄምስ ኮርቤት በሰማያዊ እስክሪብቶ የፈረመበት ፎቶ፣ የምስክር ወረቀት ያለው፣ 350 ዶላር።
ሦስተኛ፣ የዴምፕሲና የካርፓንትዬ ግጥሚያ (1921) ያልተቀደደ ቲኬት፣ 400 ዶላር።

የቱን ላንሳ? ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ሌንስ_አስር
ሁለተኛውን አሁኑኑ ተወው። ኮርቤት የሞተው በፌብሩዋሪ 1933 ነው። እስክሪብቶ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ደግሞ በኦክቶበር 1945። ሰውየው ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ አይፈርምም። የምስክር ወረቀቱን እርሳው፤ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያትመዋል።

ሱሊቫን (1918)፣ ፊትዝሲመንስ (1917)፣ ስታንሊ ኬቸል (1910)፣ ጆ ጋንስ (1910) ላይም ይኸው ይሠራል። የእነዚህ ፊርማ በእርሳስ ወይም ቀለም ተነክሮ በሚጻፍበት ብዕር ካልሆነ ወሬም አያስፈልገውም። የዚያ ዘመን ጥቁር ቀለም ብረት ስላለበት በጊዜ ብዛት ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ውስጥም ይሰርጋል። በ10 እጥፍ ማጉያ ስታየው ብዕሩ ሲጫን የተከፈተበት ቦታ በሁለት ጠርዝ ጠቆር ብሎ መሐሉ ሳሳ ይላል። ፎርጅድ ሠሪው ቀስ እያለ ስለሚስል መስመሩ አንድ ዓይነት ውፍረት ይኖረዋል፣ ፊደል ሲታጠፍ ይንቀጠቀጣል፣ ብዕሩ በቆመበት ቦታ ሁሉ ቀለም ጠብ ብሎ ይታያል። ሌላው የማይደበቅ ነገር፣ አዲስ ቀለም በአሮጌ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ይረጫል። የአሮጌ ወረቀት ሙጫ ስለሚደክም ቀለሙ በቃጫዎቹ በኩል እንደ ሸረሪት እግር ይዘረጋል።

ኬቸል በ24 ዓመቱ ተገደለ፤ ትክክለኛ ፊርማው እጅግ ብርቅ ነው። "ርካሽ ኬቸል" የሚባል ነገር የለም።

ፊርማ የግድ ካልክ ዴምፕሲን ያዝ። እስከ 1983 ኖሯል፣ ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ ምግብ ቤት ነበረው፣ ለመጣ ሁሉ ይፈርም ነበር። ትክክለኛው ከ150 ዶላር በታች ይገኛል። ብቻ ፊርማው ፎቶው ላይ አብሮ የታተመም አለና በማጉያ እይ። ነጥብ ነጥብ ካለው ህትመት ነው።

ብራና
ስለ ፖስትካርዱ ልናገር። ሻጩን የጀርባውን ፎቶ ጠይቀው፤ ካልላከ በዚያው ጨርስ። ጀርባው ላይ ቴምብር የሚለጠፍበት ትንሽ ሳጥን ዙሪያ የወረቀቱ ስም ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ የምታገኘው "ኤዞ" (AZO) የሚለውን ነው። በሳጥኑ አራቱም ጥግ ያሉት ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቶች ወደ ላይ ካዩ ወረቀቱ ከ1904 እስከ 1918 ነው። ሁለቱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች ካዩ ከ1918 እስከ 1930። በሦስት ማዕዘን ፈንታ ትናንሽ አራት ማዕዘን ካለ ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ጀርባው ለመልእክትና ለአድራሻ በመስመር ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ከማርች 1907 በኋላ ነው። የ1910 ካርድ መከፈል አለበት። ያልተከፈለ ጀርባ ይዞ "ሪኖ" የሚልህ ካለ እዚያው አቁመው።

የፊት ገጹን እንዲህ እይ። ሪኖ ላይ ጁላይ 4 ቀን ፀሐይ ነበር፣ ተመልካቹ ኮፍያ ለብሷል። ከመጀመሪያው ኔጋቲቭ በታተመ ፎቶ ከቦክስ መድረኩ ጀርባ ያሉት የኮፍያ ጠርዞች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከፎቶ ላይ ፎቶ ተነሥቶ የታተመው ላይ ግን ነጫጮቹ ኮፍያዎች ተቀላቅለው አንድ ነጭ ጭቃ ይሆናሉ፣ ጥላ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ጠቅላላ ይጠፋል። ከታች በነጭ የተጻፈው መግለጫም ኔጋቲቩ ላይ በእጅ የተጻፈ ስለሆነ በኦሪጅናሉ ከምስሉ የበለጠ ጥርት ይላል። ፊደሉ ራሱ ከደበዘዘ ቅጂ ነው።

ሌንስ_አስር
ጋሽ ብራና ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። ፎቶው እጅህ ሲገባ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት ባትሪ አብራበት። ባለ 365 ናኖሜትሩን ግዛ፤ ርካሹ 395 ራሱ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚረጭ ያሳስትሃል። ወረቀት ላይ ማንጫ ኬሚካል መጨመር የተለመደው ከ1950ዎቹ ወዲህ ስለሆነ፣ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ የ1910 አይደለም። ካልበራ ግን ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም፤ ያልተጻፈበት አሮጌ ወረቀት ላይ የሚያትሙ አሉ። ፈተናው ለመጣል እንጂ ለማጽደቅ አይሆንም።

ግማሽ_ቲኬት
ቲኬቱን ውሰድ የምለው እኔ ነኝ፣ ግን ሙሉውን ሳይሆን የተቀደደውን ፈልግ። የግጥሚያው አዘጋጅ ቴክስ ሪካርድ ጀርሲ ሲቲ ላይ ቦይልስ ሰርቲ ኤከርስ የሚባል ቦታ የእንጨት ስታዲየም አሠርቶ በጁላይ 2፣ 1921 ከ80 ሺህ በላይ ሰው አስገባ። የበር ገቢው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያው ግጥሚያ ነው። ከዘመኑ ሌሎች ግጥሚያዎች ጋር ሲነጻጸር ያልተቀደደ ቲኬቱ ገበያ ላይ ብርቅ አይደለም። የተቀደደው ግን ሰው ይዞት እንደገባ ይመሰክራል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል።

ለማጣራት፦ የቲኬት ዋጋው ከ5.50 እስከ 50 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ውጭ የሆነ ቁጥር ካየህ ተጠራጠር። የክፍል፣ የረድፍና የወንበር ቁጥሮቹን ከጌጡ ጋር አስተያይ። ቁጥሩ በየቲኬቱ ስለሚለያይ በሌላ ዙር ህትመት የሚገባ ነው፤ ስለዚህ የቀለሙ ጥቁረትና አቀማመጡ ከጌጡ ትንሽ ይለያል። ቁጥሩም ጌጡም በአንድ ዓይነት ጥቃቅን ነጥብ ከተሠሩ የቀለም ኮፒ ነው።

ብራና
በተቀደደው አልስማማም። ገዢ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የግጥሚያው ስምና ቀኑ አለ ወይ?" ነው። ሲቀደድ ስሙ በር ጠባቂው እጅ የቀረበት ቁራጭ ሞልቷል። ቀን፣ ስምና ወንበር ሦስቱም ካልቀሩ ቁራጭ አትግዛ። ሦስቱም ካሉ እስማማለሁ።

ሲጋራ_ካርድ
ሦስቱንም ትታችሁ ካርድ አትሉትም? ለጀማሪ ከካርድ የሚሻል የለም፤ ተቆጥሯል፣ ተመዝግቧል፣ መጠኑ ይታወቃል። የሪችመንዱ አለን ኤንድ ጊንተር በ1887 "የዓለም ሻምፒዮኖች" ብሎ 50 ካርድ ሲጋራ ፓኮ ውስጥ አወጣ፤ አሥሩ ቦክሰኞች ናቸው፣ ሱሊቫንና ኪልሬይን ጭምር። ሰብሳቢዎች "ኤን 28" የሚሉት ነው። ቁጥሮቹ ከጄፈርሰን በርዲክ ካታሎግ የመጡ ናቸው፤ "ኤን" የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትንባሆ፣ "ቲ" የ20ኛው። ከ1910 አካባቢ የመካና የሀሰን ሲጋራ ካርዶች ("ቲ 218") አሉ፤ ጆንሰንም ጄፍሪስም እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ያረጀ ግን ሙሉ የሆነ፣ ስሙ ብዙ የማይጠራ ቦክሰኛ ካርድ ከ10 እስከ 30 ዶላር ይገኛል። ሱሊቫንና ጆንሰን ሌላ ዋጋ ናቸው።

ሁለት ነገር ብቻ እይ። አንደኛው ህትመቱ ነው። እነዚህ ካርዶች በድንጋይ ህትመት፣ በብዙ ቀለም፣ ቀለም በቀለም ላይ የተጫኑ ናቸው። በማጉያ ስታይ የቦክሰኛው ጉንጭ ላይ ያሉት ነጥቦች መጠናቸውም ቦታቸውም የተዘበራረቀ ነው፣ በእጅ የተነጠቡ ናቸውና። የዘመናችን ቅጂ ግን አራት ቀለም በጽጌረዳ ቅርጽ ተሰልፎ ያሳይሃል። ይህን ለማየት ባለሙያ አያስፈልግም፤ መጽሔት ከጎኑ አድርገህ አስተያየው።

ሁለተኛው መከርከም ነው። ጥጉ የተበላ ካርድ በምላጭ ሲከረከም ጥጉ ሹል ይሆናል፣ ዋጋውም ይዘላል። ኤን 28 በግምት 38 በ70 ሚሊሜትር ነው። ካሊፐር ከሌለህ ከዚያው ስብስብ ርካሽ ካርድ ገዝተህ ላዩ ላይ ደርበው። ቀጥሎ ጠርዙን በጎን እየው፤ 130 ዓመት የቆየ ጠርዝ እንደ ፊቱ ጠቁሯል። ከፊቱ ይልቅ ጠርዙ ነጭ ከሆነ ቅርብ ጊዜ ተቆርጧል። መሐሉ ገባ ያለ መስመርም የምላጭ ምልክት ነው።

ሰባተኛው_ዙር
እግዜር ይስጥልኝ። ካርዶች ላይ ጥያቄ አለኝ። "ጀርባው ላይ የአልበም ወረቀት ተጣብቋል" እየተባለ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ አለ። ይላቀቃል?

ሲጋራ_ካርድ
በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ይላቀቃል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ላይ የተጣራ ውሃ (የባትሪ ውሃ የሚባለውን፣ አሲዱን ሳይሆን ዲስቲልዱን) 2 ሳንቲሜትር ያህል አድርግ፣ የክፍል ሙቀት ላይ። ካርዱን ፊቱን ወደ ላይ አስቀምጥ። ከ30 ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት ጠብቅ። የአልበሙ ወረቀት ራሱ ተንሸራቶ እስኪለቅ ጠብቅ እንጂ በጥፍር አትጎትት። ካልለቀቀ ውሃውን ቀይረህ ድገም። የቀረውን ሙጫ ውሃው ውስጥ እያለ በጣትህ ጫፍ በስሱ አንሸራት። ካወጣህ በኋላ ውሃ መጣጭ ነጭ ወረቀት መሐል አድርገህ ጫን፤ ወረቀቱን ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይር፣ ከዚያ በከባድ መጽሐፍ ሥር 2 ወይም 3 ቀን ይደር። ቶሎ ካወጣኸው ይጣመማል።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። ሲቸኩሉ የካርዱ ጀርባ ከነጽሑፉ ይገፈፋል፣ ያ ደግሞ ከሙጫው የባሰ ጉድለት ነው። የላስቲክ ሙጫ ከሆነ ውሃ አይነካውም፣ ቢጫ እድፉም አይለቅም። ከላይ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው ወይም በማኅተም ቀለም የተመታ ካርድ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ይፈሳል። ፎቶግራፍ በምንም ዓይነት ውሃ ውስጥ አይገባም። ስትሸጠው መነከሩን ተናገር።

ብራና
አለመንከርን እመርጣለሁ። ጽሑፉ ጀርባ ላይ ተሸፍኖም ቢሆን ካርዱ ካርድ ነው።

ሳሪስ_ጓንት
ጓንት ማንም አላነሣም። በ600 ዶላር የሻምፒዮን ጓንት አይገኝም፣ ነገር ግን "በ1910ዎቹ የተገጠመበት" እየተባለ የሚሸጥ የፈረስ ፀጉር ጓንት በየገበያው አለ። አብዛኛው የልምምድ ወይም የልጆች ጓንት ነው። ኤቨርላስት የተመሠረተው 1910 ነው፤ ስለዚህ የኤቨርላስት ስም ያለበት የ"ሱሊቫን" ጓንት ቀልድ ነው። ስፖንጅ የተሞላ ወይም በማጣበቂያ (ቬልክሮ) የሚዘጋ ከሆነም የዚያ ዘመን አይደለም። የጥንቱ በገመድ ይታሰራል፣ ውስጡ የፈረስ ፀጉር ነው፤ ስትጫነው ይንኮሻኮሻል፣ አንድ ቦታም ተሰብስቦ እብጠት ይሠራል።

የተዋጊው መሆኑን የሚያረጋግጠው የዕለቱ ፎቶ ብቻ ነው፦ የስፌቱ አቅጣጫ፣ የገመድ ቀዳዳው ብዛት፣ የቆዳው መታጠፊያ ፎቶው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለበት። "ከቤተሰብ የተገኘ" የሚል ደብዳቤ ብቻውን ምንም አይደለም።

ከገዛህ ቅባት፣ የጫማ ቀለምና የቆዳ ሳሙና አታስነካው። ቡናማ ቀይ ብናኝ በእጅህ ከቀረ ቆዳው በአሲድ እየተበላ ነው። ቅባት ለአንድ ወር ያሳምረዋል፣ ከዚያ ያጠቁረውና ስፌቱን ያበሰብሰዋል። ውስጡን አሲድ አልባ ስስ ወረቀት ሙላበት፣ ቅርጹን ይይዛል፤ ከዚያ በቃ አትንካው።

የካ_1935
ትንሽ ዘመን ልሻገር፣ ይቅርታ። የጆ ሉዊስና የፕሪሞ ካርኔራ ግጥሚያ ዕቃ የሚያውቅ አለ? ለእኛ ሰው ከዴምፕሲ የሚበልጥ ትርጉም አለው።

ብራና
ጥሩ አነሣህ። ጁን 25፣ 1935፣ ያንኪ ስታዲየም፣ ሉዊስ በ6ኛው ዙር አሸነፈ። የሻምፒዮና ግጥሚያ አልነበረም፤ ካርኔራ ዘውዱን በ1934 ለማክስ ቤር አስረክቧል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያ ላይ ሠራዊት በሚያከማችበት ሰሞን ስለሆነ ግን ጥቁር አሜሪካውያን የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ግጥሚያ አድርገው ነው ያዩት። ወረራው የተጀመረው ከሦስት ወር ትንሽ አልፎ ኦክቶበር 3 ነው።

የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የጥቁሮቹ ጋዜጦች፣ ችካጎ ዲፌንደርና ፒትስበርግ ኩሪየር ናቸው። ሳምንታዊ ስለነበሩና ግጥሚያው ማክሰኞ ስለዋለ ዘገባው ያለበት ዕትም የቅዳሜ ጁን 29 ቀን ነው። ጁን 26 የሚል ቀን ያለበት "ዲፌንደር" ቢያቀርቡልህ አትግዛ። ሙሉ ጋዜጣ ፈልግ፤ ተቆርጦ የወጣ ገጽ ቀኑም ገጹም አይታወቅም፣ ዋጋውም የትየለሌ ይወርዳል።

ሌላው የጋዜጠኛ ፎቶ ነው። ጀርባው ላይ የድርጅቱ ማኅተም፣ ቀንና የተለጠፈ የወረቀት መግለጫ ይኖረዋል። ያንን ወረቀት አታንሣው፣ የዕቃው ግማሽ ዋጋ እሱ ነው።

ሌንስ_አስር
የጋዜጠኛ ፎቶ በአራት ደረጃ ይከፈላል። ከመጀመሪያው ኔጋቲቭ፣ ፎቶው በተነሣ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የታተመ አንደኛ ነው። ከዚያው ኔጋቲቭ ቆይቶ የታተመ ሁለተኛ። ከተባዛ ኔጋቲቭ ወይም በሽቦ (በስልክ መስመር) ተልኮ፣ ግን በዚያው ዘመን የታተመ ሦስተኛ። ከተባዛው ዘግይቶ የታተመ አራተኛ። በአንደኛውና በአራተኛው መካከል የዋጋው ልዩነት አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። አሶሲዬትድ ፕሬስ ፎቶ በሽቦ መላክ የጀመረው በጃንዋሪ 1935 ነው። ስለዚህ የካርኔራው ግጥሚያ ፎቶ ላይ የሽቦ ማኅተም ይጠበቃል፤ "የ1921 ካርፓንትዬ ኦሪጅናል" ላይ ያንኑ ማኅተም ካየህ ግን በኋላ የታተመ ነው። በሽቦ የመጣ ፎቶ በማጉያ ሲታይ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ይታዩበታል።

የብር ፎቶ ሲያረጅ ጥቁሩ ቦታ፣ በተለይ ጠርዙ አካባቢ፣ ወደ ጎን ስታዘነብለው መስተዋት መስሎ ያብረቀርቃል። አትጥረገው፤ ዕድሜውን የሚመሰክርልህ እሱ ነው።

ሰባተኛው_ዙር
ፊልምስ? የሪኖው ግጥሚያ ፊልም ቁራጭ የሚሸጥ አየሁ።

ብራና
ተወው። እስከ 1951 ድረስ ይሠራበት የነበረው 35 ሚሊሜትር የሲኒማ ፊልም ናይትሬት ነው፣ በቀላሉ ይነዳል፣ አንዴ ከተያያዘ ውሃም አያጠፋውም። ተጣብቆ፣ ቡናማ ዱቄት ሆኖ፣ ሽታው አፍንጫ የሚቆነጥጥ ከሆነማ ቤትህ አይግባ። በፖስታ መላክም አደገኛ ነው። አሜሪካ በ1912 የቦክስ ፊልም ከግዛት ግዛት እንዳይተላለፍ ሕግ አውጥታ እስከ 1940 ስላቆየችው የዚያ ዘመን የቦክስ ፊልም ማስታወቂያ ወረቀት ራሱ ብርቅ ነው። እሱን ካገኘህ ግን ንገረን።

የካ_1935
አዲስ አበባ ላይ በክረምት እንዴት ታስቀምጣላችሁ? ሐምሌና ነሐሴ ወረቀቱ ሁሉ ይረጥባል።

ሲጋራ_ካርድ
የእርጥበት መለኪያ ግዛ፣ ርካሽ ነው። ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። የምትፈልገው ከ35 እስከ 50 ነው። ላስቲክ ማኅተም ያለው የምግብ ሣጥን ውስጥ አስገብተህ ግማሽ ኪሎ ሲሊካ ጄል ጨምር፤ ቀለሙ ሲቀየር ምድጃ ውስጥ በ120 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያህል አድርቀህ መልሰው። ካርዱና ፎቶው በፖሊስተር ከረጢት ይሁን። ቤት ያለው ለስላሳ፣ የሚሸተው የፕላስቲክ ኪስ ፒቪሲ ነው፤ ቀለሙን እየሳበ ይጣበቅበታል። ስኮች፣ ላሚኔሽን፣ ራሱ የሚጣበቅ የፎቶ አልበም፣ ሦስቱም ክልክል። ጋዜጣውን ሳትዘረጋ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ፣ አልካላይ ባለው ወረቀት መሐል አስተኛው።

ባሕረ ሰላጤው አገራት ላሉ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፦ ኤሲ ካለው ክፍል ወደ በረንዳ ሙቀት በቀጥታ አታውጡት። ቀዝቃዛው ፎቶ ላይ ጤዛ ያርፋል፣ የፎቶው ሽፋንም ይላቀቃል። ሣጥኑን ሳትከፍቱ ሁለት ሰዓት ጠብቁ።

ሰባተኛው_ዙር
ሻጩ የፖስትካርዱን ጀርባ ላከልኝ። ኤዞ ነው፣ ሁለቱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች። ጀርባው ለሁለት ተከፍሏል። ኮፍያዎቹም ተቀላቅለዋል።

ብራና
እንግዲያው ወረቀቱ ከ1918 በኋላ ነው፣ ምስሉም ከፎቶ ላይ የተነሣ። የ1920ዎቹ ቅጂ ብሎ በ30 ወይም 40 ዶላር ከለቀቀው ውሰደው፤ በ140 አይሆንም። መግለጫውን እንዲያስተካክል ንገረው፣ ሌላውም እንዳይገዛው።

ሰባተኛው_ዙር
ቲኬቱ ላይ ልሂድ እንግዲህ። ጨረታው ላይ የገዢ ኮሚሽን 20 በመቶ ይላል።

ግማሽ_ቲኬት
ስሌቱን ከታች ወደ ላይ ሥራው። ከ600 ላይ የመላኪያ 25 ቀንስ፣ 575 ይቀራል። በ1.2 ስታካፍለው 479 ነው። እህትህ ባለችበት የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ከሆነና ኮሚሽኑ ላይም የሚታሰብ ከሆነ በ1.272 አካፍል፣ 452 ይመጣል። ከዚያ በላይ አትጥራ። ከመጫረትህ በፊት ግን የወንበር ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በቅርብ አንሥቶ እንዲልክልህ ጠይቀው።

ሲጋራ_ካርድ
እና 50 ዶላር አስቀር፣ ለማጉያውና ለባትሪው።